ኑክሊዮለስ ሽፋን ከሌለው ለምን አይሟሟም?

ጥያቄው የአንዲት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ለተማሪዎቼ ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚገኝበት የሴሉ ክፍል) ሽፋን አለው፣ ውስጡ ያለው ኑክሊዮለስ (ፕሮቲን ሰሪዎቹ ራይቦዞሞች የሚዘጋጁበት) ግን ሽፋን የለውም አልኳቸው። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ‹ታዲያ የሚያግደው ነገር ከሌለ ለምን እንደ ስኳር ሟሙቶ አይጠፋም?› አለኝ። መልስ አጣሁለት። ፕሮቲኖች ናቸው የሚያደራጁት የሚል አንብቤያለሁ። ግን እንዴት?»

መምህርት፣ መጀመሪያ ልጁን አመስግኑልኝ። የጠየቀው ቀላል ነገር አይደለም። ኑክሊዮለስ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተገለጸው በ1830ዎቹ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለምን እንደማይሟሟ በመለኪያ የተደገፈ መልስ መገኘት የጀመረው ግን በ2011 ነው። ተማሪዎ ጥያቄውን ያነሳው ከአንድ ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ኑክሊዮለስ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖችና አርኤንኤዎች (ከዲኤንኤ የሚገለበጡ ሞለኪውሎች) በዙሪያቸው ካለው ፈሳሽ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። ስኳር የሚሟሟው ከውሃ ጋር መዋል ስለሚመቸው ነው። ዘይት ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብ ሰርቶ ለብቻው ይቆማል። ዘይቱን ከረጢት አልያዘውም። የያዘው የራሱ ባሕርይ ነው። ኑክሊዮለስም ወደ ዘይቱ ይቀርባል እንጂ ወደ ስኳሩ አይደለም።

ግን «ይቆያል» ስል ውስጡ ያለው ሁሉ ተቀምጧል ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስደንቀው። በ2000 ፌርና ሚስቴሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ ፋይብሪላሪን የተባለውን የኑክሊዮለስ ፕሮቲን የሚያበራ ምልክት ሰጡት። ከዚያ በሌዘር አንዷን ቦታ ብቻ አጠፏት። የጠፋችው ቦታ ተመልሳ በራች። የወሰደው ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነበር። ብርሃናቸው የጠፋባቸው ሞለኪውሎች ወጥተው፣ ብርሃን ያላቸው ከውጭ ገብተው ነው። ኑክሊዮለሱ ለሰዓታት እዚያው ይታያል፤ ነዋሪዎቹ ግን በየደቂቃው ይለዋወጣሉ።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በርበሬ ተራ አለ፣ ሸማ ተራ አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ። ተራዎቹን ከከተማው የሚለይ አጥርና በር የለም። ግን በርበሬ ተራ ስትደርሱ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ገበያተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ተሸካሚው ያልፋል። ተራው ግን ያው ተራ ነው። በርበሬ ነጋዴ በርበሬ ነጋዴ አጠገብ መሆን ይፈልጋል፣ ገዢው እዚያ ይመጣልና። ፕሮቲኖችም ሳይታጠሩ ተራ ይሰራሉ። የኒውክለስ ውስጥ ተራ ብዬ ነው እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው።

አሁን ወደ «እንዴት» እንግባ።

ዋናው ቁልፍ የእጅ ብዛት ነው። አንድ እጅ ብቻ ያላቸው ሰዎች ቢያያዙ የሚሰሩት ጥንድ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ካላቸው ሰልፍ ወይም ክብ ይሰራሉ። ሦስትና ከዚያ በላይ እጅ ቢኖራቸው ግን መረብ ይሆናሉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል፣ መረቡ አይበተንም። ፕሮቲኖችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ መያያዝ በራሱ ደካማ ነው፣ በቅጽበት ይለቃል። ብዙ ሲሆን ግን ጠብታ ይሰራል። በ2012 ዳላስ፣ ቴክሳስ የሚገኘው የማይክል ሮዘን ቡድን ይህን በቱቦ ውስጥ አሳየ። ተያያዥ ክፍሎችን እንደ ጨሌ በክር ደርድረው ፕሮቲን ሰሩ። የክፍሎቹ ቁጥር ትንሽ ሲሆን ፈሳሹ ጥርት እንዳለ ቀረ። ቁጥሩ ሲጨምር ጠብታዎች ብቅ አሉ።

እጆቹ ምንድን ናቸው? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው ትንሽ ያሳስተናል። ፕሮቲን ታጥፎ ቋሚ ቅርጽ ይይዛል፣ ቅርጹ ስራውን ይወስናል ተብለናል። ለብዙዎቹ ልክ ነው። ግን ኒውክለስ ውስጥ ያሉ በርካታ ፕሮቲኖች ፈጽሞ የማይታጠፍ፣ እንደ ተለቀቀ ክር የሚወዛወዝ ረጅም ክፍል አላቸው። ድሮ ይህን ክፍል እንደ ትርፍ ነገር የምናይ ነበርን። አሁን ዋናው የመያያዣ ቦታ ብዙ ጊዜ እሱ እንደሆነ እናውቃለን። ክሩ ላይ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) በየርቀቱ ተሰክተዋል። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፤ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ግሉታሜትና አስፓርቴት ይስባል፤ አርኤንኤንም ይስባል፣ የአርኤንኤ ጀርባ ኔጋቲቭ ነውና። ታይሮሲን ደግሞ ቀለበት አለው። ቀለበት ከቀለበት፣ ቀለበት ከአርጂኒን ይያያዛል። ሁሉም ደካማ ነው። ሁሉም ብዙ ነው።

አንድ ፕሮቲን በቅርብ እንይ። ኑክሊዮፎስሚን ይባላል፤ በአጭሩ ኤንፒኤም-አንድ። 294 አሚኖ አሲዶች አሉት። በኑክሊዮለስ የውጨኛው ንብብር ውስጥ ሞልቷል። ብቻውን አይሄድም። አምስቱ በራሳቸው ጫፍ ተገጣጥመው እንደ አበባ ይሆናሉ። ከአበባው አምስት ክሮች ይወጣሉ። በየክሩ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ የታጨቀባቸው ቦታዎች አሉ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አርኤንኤ የሚይዝ ክፍል አለ። እንግዲህ ቁጠሩት። አንዲት አበባ አምስት እጥፍ እጅ አላት። አዲስ የተሰሩ የራይቦዞም ፕሮቲኖች ወደዚያ ይመጣሉ፣ እነሱ ላይ በአርጂኒን የበለጸጉ ቦታዎች አሉ፣ አበባዋ ትይዛቸዋለች። የራይቦዞም አርኤንኤም ይመጣል፣ በጫፏ ትይዘዋለች። መረቡ ተሰራ ማለት ነው። አምስቱ እንዳይገጣጠሙ ብታደርጉ እጅ ያንሳል፣ ጠብታ የመስራት አቅሙም ይዳከማል።

ሌላው ጉዳይ መጠን ነው። ፕሮቲኑ ከአንድ ደረጃ በታች ከሆነ ምንም አይታይም፣ ሁሉም ተበትኖ ይዋኛል። ያንን ደረጃ ሲያልፍ ድንገት ይለያያል፤ የተጨናነቀ ጠብታና የሳሳ ዙሪያ። ይህን በዓይኔ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። በአርጂኒን የተሞላ ጅራት ያለው ፕሮቲን አጥርቼ በበረዶ ላይ አስቀምጬ ነበር። ጨዉን ለመቀነስ መሟሟቻውን ጨመርኩ። ጥርት ያለው ቱቦ በአንድ ጊዜ እንደ ሩዝ ውሃ ደፈረሰ። ተበላሸ ብዬ ደፋሁት። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ ተመለከትኩ። ክብ፣ ክብ፣ ክብ። ሁለቱ ሲነካኩ ወገባቸው ይጠብና ቀስ ብለው አንድ ትልቅ ክብ ይሆናሉ። ልክ ዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት በማንኪያ ጫፍ ስታገናኙት እንደሚሆነው። ጨው ስጨምርበት ሁሉም ጠፋ፣ ፈሳሹ ጠራ። ጨዉ ቻርጆቹን ጋረዳቸው፣ እጆቹ ተላቀቁ። ብልሽት ቢሆን ኖሮ አይመለስም ነበር።

ይህ በቱቦ ነው። በሴል ውስጥስ? በ2009 ክሊፍ ብራንግዊንና ቶኒ ሃይማን የአንዲት ጥቃቅን ትል ጽንስ ውስጥ ፒ ግራንዩል የተባሉ ነጠብጣቦች እንደ ፈሳሽ እንደሚፈሱና እንደሚዋሃዱ አሳዩ። ያ ከኒውክለስ ውጭ ነበር። በ2011 ከቲም ሚቺሰን ጋር ሆነው ወደ ኑክሊዮለስ መጡ። የመረጡት የአፍሪካ እንቁራሪት የእንቁላል ሴል ነው። ምርጫው ብልህነት ነበረው። የዚያ ሴል ኒውክለስ ብቻውን ግማሽ ሚሊሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ በባዶ ዓይን ይታያል። ውስጡም ከሺህ በላይ ኑክሊዮለስ አለ። ሁለት ኑክሊዮለስ አገናኝተው ጠበቁ። ተዋሃዱ። በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቀስ ብለው። ከቅርጹና ከጊዜው ተነስተው ሲያሰሉት ፈሳሹ ከማር እጅግ የወፈረ ሆኖ ተገኘ። ግን ፈሳሽ ነው።

እዚያው እንቁላል ላይ በ2013 የወጣ ሌላ ስራ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ያ ሁሉ ጠብታ በአንድ ኒውክለስ ካለ ለምን ተዋህዶ አንድ አይሆንም? ፌሪችና ብራንግዊን ኒውክለሱ ውስጥ አክቲን ከተባለ ክር ሰሪ ፕሮቲን የተሰራ ስስ መረብ እንዳለ አገኙ። መረቡን ሲያፈርሱት ኑክሊዮለሶቹ እንደ ጠጠር ወደ ታች ሰመጡ። ታች ተከማችተው ተዋሃዱ። የስበት ኃይል በሴል ውስጥ! በትናንሽ ሴሎቻችን ውስጥ ይህን ያህል ጉዳይ አይደለም፤ ሴል ሲተልቅ ግን ስበትም ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ውስጠኛው አደረጃጀት። ኑክሊዮለስ አንድ ወጥ ጠብታ አይደለም። ሦስት ንብብር አለው። መሃሉ ላይ የራይቦዞም ጂኖች የሚነበቡበት፣ ማለትም ወደ አርኤንኤ የሚገለበጡበት፣ ማዕከል አለ። ዙሪያውን ፋይብሪላሪን የሞላበት ጥቅጥቅ ያለ ንብብር ይከበዋል። ከዚያ ውጭ ኤንፒኤም-አንድ የሚገኝበት ሰፊው ንብብር አለ። ሦስቱን የሚለያይ ሽፋን የለም። ታዲያ ምን አቆማቸው? በ2016 የወጣ ጥናት ሁለቱን ፕሮቲኖች፣ ፋይብሪላሪንንና ኤንፒኤም-አንድን፣ አጥርቶ በአንድ ቱቦ ቀላቀላቸው። አልተዋሃዱም። ፋይብሪላሪኑ ወደ ውስጥ ገባ፣ ኤንፒኤም-አንዱ ከበበው። ሴል የለም፣ ጂን የለም፣ ንብብሩ ግን በራሱ ተሰራ። ምክንያቱ ከዙሪያው ውሃማ ፈሳሽ ጋር መነካካትን የሚጠሉበት ልክ ይለያያል። ይበልጥ የሚጠላው ውስጥ ይደበቃል፣ ሌላኛው እንደ ጋቢ ይለብሰዋል። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳየ። ጠብታ ለመስራት ቅርጽ አልባው ክር ያስፈልጋል። ሳይዋሃዱ ለየብቻ ንብብር ሆነው ለመቆየት ግን አርኤንኤ የሚይዘው የታጠፈው ክፍልም ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁሉንም የሚሰራው ቅርጽ አልባው ክር ነው» የሚል ነገር ሲያነቡ ግማሹ ብቻ እንደተነገረዎት ይወቁ።

ንብብሩ ለውበት አይደለም። ስራ አለው። የራይቦዞም አርኤንኤ መሃሉ ላይ ተጽፎ ይወጣል። በፋይብሪላሪኑ ንብብር ሲያልፍ ኬሚካላዊ ምልክት ይደረግበታል፣ ይቆራረጣል። ወደ ውጨኛው ሲደርስ የራይቦዞም ፕሮቲኖች ይለበሱበታል። ከዚያ ይወጣል። ሸማኔው፣ ጥልፍ ሰሪው፣ ልብስ ሰፊው ተራ በተራ እንደሚቀባበሉት ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ካለው አርኤንኤ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው የራይቦዞም ነው። ያ ሁሉ ሸቀጥ የሚያልፈው በዚህ ግድግዳ አልባ ቤት ነው።

ቦታውን ማን ይመርጣል? ፕሮቲኑ ጠብታ መስራት ከቻለ የትም መስራት ይችላል። ሴሉ ግን በዘፈቀደ አይሰራም። ዘር ያስፈልጋል። የሰው ልጅ ላይ የራይቦዞም ጂኖች በ13፣ 14፣ 15፣ 21 እና 22ኛው ክሮሞዞሞች አጭር ክንድ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። ከእናትም ከአባትም ስለሚወረሱ 10 ቦታ ማለት ነው። ሴል ተከፍሎ ሲያበቃ ጂኖቹ መነበብ ይጀምራሉ፣ አዲሱ አርኤንኤ ይከማቻል፣ ፕሮቲኖቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። ትናንሾቹ ጠብታዎች ሲገናኙ ይዋሃዳሉ። ለዚህ ነው ዘሩ 10 ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኑክሊዮለስ ብቻ የምናየው። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል ይህ ይመስለኛል፤ የሚያሰባስበው የፕሮቲኖቹ ባሕርይ ነው፣ የት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ግን ዲኤንኤውና አዲስ የተወለደው አርኤንኤ ነው። ገበያ ያለ ነጋዴ አይቆምም፣ መንገድ በሌለበትም አይተከልም።

ይህን በጣም ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ኒውክለስ ውስጥ ያለው ሌላ ሽፋን አልባ ክፍል፣ ፓራስፔክል የተባለው፣ ነው። በ2002 ስኮትላንድ፣ ደንዲ ውስጥ ነው የተገለጸው። ኒት-አንድ የሚባል በጣም ረጅም አርኤንኤ አለ፣ ሰው ላይ ወደ 23,000 ፊደል ይሆናል፤ ወደ ፕሮቲን አይተረጎምም። ስራው ምሰሶ መሆን ነው። መካከሉ ወደ ውስጥ፣ ሁለት ጫፎቹ ወደ ውጭ ሆነው ይደረደራሉ። ፕሮቲኖቹ በላዩ ላይ ይሰፍራሉ። ኒት-አንድን ብታጠፉ ክፍሉ ይጠፋል። ማንበቡን ብታቆሙም ይፈርሳል።

ኒውክለስ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሽፋን አልባ ክፍሎችን በአጭሩ። ካሃል ቦዲ የሚባለውን ስፔናዊው ራሞን ኢ ካሃል በ1903 በነርቭ ሴሎች ውስጥ አይቶ ገለጸው። ኮይሊን የተባለ ፕሮቲን ያቆመዋል፤ አርኤንኤ የሚቆራርጡና የሚቀጥሉ መሳሪያዎች የሚገጣጠሙበት ነው። ኤስኤምኤን የተባለው ፕሮቲንም እዚያው ይገኛል። እሱ ሲጎድል ሕፃናት ላይ የጡንቻ መድከምና መክሳት የሚያስከትል የነርቭ በሽታ ይመጣል።

ስፔክል የተባለው ክፍል ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ለተማሪዎችዎ ስለ ሳይንስ አሰራር የሚያስተምር ታሪክ አለውና። ከ1990 ጀምሮ ዓለም ሁሉ ስፔክልን የሚያየው በአንድ ፀረ እንግዳ አካል ነበር። የሚይዘውም ኤስሲ-35 የተባለውን ፕሮቲን ነው ተብሎ ተጻፈ። ሁላችንም ያንን አምነን ፎቶ አነሳን፣ ጻፍን። በ2020 አንድ የበርሊን ቡድን በጥንቃቄ ሲመረምር ያ ፀረ እንግዳ አካል በዋናነት የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ስሙ ኤስአርአርኤም-ሁለት ነው። ከዚህም አልፎ ስፔክሉን ያቆሙት ምሰሶዎች እሱና ሰን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ላይ ሲያጠፏቸው ስፔክሉ ተበተነ። 30 ዓመት ሙሉ ምሰሶውን እያየን ሌላ ስም እንጠራው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይያዙ። በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሁሉ ክፍሉን አይሰራም። ጥቂቶቹ ምሰሶ ናቸው፣ ሲጠፉ ክፍሉ ይፈርሳል። ብዙዎቹ ግን እንግዳ ናቸው። ምሰሶው ላይ የሚያያዙበት ነገር ስላገኙ ገብተዋል፣ ቢወጡም ቤቱ ይቆማል። ኑክሊዮለስ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች ተቆጥረዋል፣ አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው።

ግድግዳ አለመኖሩ ለሴሉ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ፍጥነት ነው። ሴል ሊከፈል ሲል የራይቦዞም ጂኖች ንባብ ይቆማል። ኪናዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ፕሮቲኖቹ ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ፎስፌት ኔጋቲቭ ቻርጅ ነው፣ የመሳሳቡን ሂሳብ ይቀይረዋል። ኑክሊዮለሱ ይበተናል። ክፍፍሉ ሲያልቅ ፎስፌቱ ይነሳል፣ ንባቡ ይጀምራል፣ ኑክሊዮለሱ ይመለሳል። ኬአይ-67 የተባለው ፕሮቲን የሚያደርገውን ደግሞ ይመልከቱ። ፓቶሎጂስቶች ዕጢ ምን ያህል እየተባዛ እንደሆነ ለማወቅ የሚቀቡት እሱን ነው። ሴል ባልተከፈለበት ጊዜ ኑክሊዮለስ ዙሪያ ይውላል። ክፍፍል ሲመጣ ወጥቶ ክሮሞዞሞቹን ይለብሳቸዋል፣ እንደ ሳሙና ሆኖ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል።

አርኤንኤም ሁልጊዜ ሰብሳቢ አይደለም። ጥቂት ሲሆን ጠብታ ያበረታታል፣ ሲበዛ ያሟሟል። በ2018 የወጣ ስራ ኒውክለስ ውስጥ አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም በመርፌ አስገባ። ተበትነው የነበሩ እንደ ኤፍዩኤስ ያሉ ፕሮቲኖች ተከማቹ። ኒውክለስ ውስጥ ያለው ብዙ አርኤንኤ እንዳይጋገሩ ሲጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

መጋገር ስል አይብ ትዝ ይለኛል። አሬራ እሳት ላይ ሲቆይ አይብ ለብቻ፣ አጓት ለብቻ ይሆናል። አይቡ ግን ወደ አሬራ አይመለስም። ጠብታም አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ኤፍዩኤስ ጤናማ ሲሆን ፈሳሽ ጠብታ ይሰራል። በ2015 በቱቦ የተሰራ ሙከራ እንዳሳየው ጠብታው ሲቆይ ይጠጥራል፣ ክር ያበቅላል። ኤኤልኤስ የተባለው የነርቭ በሽታ ካለባቸው ሰዎች የተገኘ ለውጥ ያለበት ኤፍዩኤስ ደግሞ ይህን በፍጥነት ያደርጋል። እጆቹ መልቀቅ ይረሳሉ። የጠብታ ሕይወቱ መልቀቅ መቻሉ ነው።

ካንሰር ላይ ሁለት ምሳሌ አለ፣ ሁለቱም የደም ነው። ከአዋቂዎች አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ወደ ሲሶ በሚጠጋው ላይ የኤንፒኤም-አንድ ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ፕሮቲኑ ኑክሊዮለስን የሚይዝበት ጫፉ ተቀይሮ ከኒውክለስ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለተኛው አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ ነው። 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ ፒኤምኤል የተባለው ፕሮቲን ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይዳበላል፣ ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ፒኤምኤል ቦዲ የሚባሉት ሽፋን አልባ ክፍሎች ይበታተናሉ። ሕክምናው ሬቲኖይክ አሲድና አርሰኒክ ነው። አዎ፣ አርሰኒክ፣ በመርዝነቱ የሚታወቀው። ፒኤምኤል ላይ በቀጥታ ይያያዛል፣ የተዳበለው ፕሮቲን ይወገዳል፣ የተበተኑት ክፍሎች ተመልሰው ይሰራሉ። ይህ በሽታ በፊት ሰው በፍጥነት የሚገድል ነበር። ዛሬ በጊዜው ከተያዘ አብዛኛው ታካሚ ይድናል። አንድን ግድግዳ አልባ ክፍል መልሶ ማቆም ከሰው ሕይወት ጋር እንዲህ ሲገናኝ ማየት ልቤን ይነካዋል።

አሁን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ ይህን ሳልል ባልፍ ልክ አይሆንም። ክብ ነጠብጣብ ሁሉ ጠብታ አይደለም። ከ2015 ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ሰው አንድ ክብ ነገር ባየ ቁጥር «ፈሳሽ ጠብታ ነው» ብሎ ጻፈ። ማስረጃው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በሌዘር የጠፋው ቦታ መልሶ መብራቱ ነው። ግን ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ እየተያያዘና እየለቀቀ ብቻም ያንን ያሳያል። ሁለተኛው ሄክሳንዲዮል የተባለ አልኮል ሲጨመር መጥፋቱ ነው። ያ አልኮል ግን ሴሉን በሌላ ብዙ መንገድ ያውካል። በ2019 የኸርፐስ ቫይረስ በኒውክለስ ውስጥ የሚሰራውን ክፍል የመረመረ ስራ ወጣ። ክብ ነው፣ ይዋሃዳል፣ ጠብታ ይመስላል። ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ ሲከታተሏቸው ግን አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ (ጂን የሚያነበው ኢንዛይም) እዚያ የተሰበሰበው ያልተሸፈነ የቫይረስ ዲኤንኤ ስላገኘ ነው፣ ጠብታ ስለሆነ አይደለም። ጂን የሚያስነሱ ፕሮቲኖች በሚሰበሰቡባቸው ጥቃቅን ቦታዎች ላይ ክርክሩ ዛሬም አለ። ኑክሊዮለስ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ የተቀመጠ ዘይት አይደለም። ዳክቲኖማይሲን የተባለው የካንሰር መድሃኒት የራይቦዞም ጂኖችን ንባብ ሲያቆም ኑክሊዮለሱ ይጨማደዳል፣ ንብብሮቹም ቦታቸውን ለቀው ጥግ ይይዛሉ። ቅርጹን የሚጠብቀው የማያቋርጠው ስራ ጭምር ነው። የዘይቱ ምሳሌ እዚህ ድረስ ወስዶኛል፣ ከዚህ በላይ አይወስደኝም።

ለክፍልዎ የሚሆን ነገር ደግሞ ይኸውና። ቀይ ሽንኩርት ይሰንጥቁ። በቅርፊቶቹ መካከል ያለውን ስስ ልጣጭ በጥፍር ይላጡ፣ መስታወት ላይ ሳይጨማደድ ያንጥፉት፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ያድርጉበት። ትምህርት ቤት ባለው ማይክሮስኮፕ በ40 ሌንስ ይመልከቱ። በየሴሉ ውስጥ ቢጫማ ኒውክለስ ይታያል። ብርሃኑን ቀነስ አድርገው ማስተካከያውን በጣም በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ኒውክለሱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የደመቀች ክብ ነጥብ ትወጣለች። እሷ ናት። ያንን ልጅ መጀመሪያ እንዲያይ ያድርጉት፣ ጠርዟን ደጋግሞ እንዲመለከትና የሚያየውን በእርሳስ እንዲስለው።